ምግብ ቤትና በላተኛ

በቀድሞ ዘመን መንገደኛ በሰው አገር የመሸበት እንደ ሆነ ካገኘው ደጅ ቆሞ «የመሸበት የእግዚአብሔር እንግዳ» እያለ ይጣራ ነበር። ባለቤቱም ወደ ቤት አስገብቶ፥ እግሩን አሳጥቦ፥ ከተገኘው እህል ያቀርብለታል። እንግዳው ጠገብሁ ቢል «በሞቴ» እየተባለ ይጨመርለታል እንጂ የበላበትን ዋጋ የሚጠይቀው አልነበረም። እንጀራ ለጎረቤት ይበደራል፥ ለድኻ ይመጸወታል፥ ለእንግዳ ይቀርባል፤ በገበታ ላይ አቅርቦ ገንዘብ መቀበል ግን እንደ ነውር ይቈጠር ነበር።

ስለዚህ እቴጌ ጣይቱ በ1900 ዓ.ም. ገደማ በአዲስ አበባ ዛሬ በስማቸው የሚጠራውን ሆቴል ባቆሙ ጊዜ ትልቁ ችግር ገንዘብ ከፍሎ ለመብላት የሚደፍር ሰው መታጣቱ ነበር ይባላል። ዐፄ ምኒልክም መኳንንቱን አስከትለው ወደዚያ በመሄድ፥ ከበሉ በኋላ ሒሳቡን እየከፈሉ ልማዱን እንዳስጀመሩ እስከ ዛሬ ይነገራል። ያው ሆቴል በጥር ወር 2007 ዓ.ም. ቃጠሎ ደርሶበት ከፊሉ ከተጎዳ በኋላም እንደገና እንግዳ መቀበል ጀመረ።

ዛሬ ያ ነውር ተረስቷል። በከተማው ቤትና ሥራ ተራርቀው ስለሚገኙ፥ የመንግሥት ሠራተኛውም ነጋዴውም ተማሪውም ምሳውን በምግብ ቤት መብላቱ የግድ ሆኗል። ለጉዳይ ከገጠር የሚመጣውማ ሌላ ምርጫ የለውም። ዳሩ ግን ሰው ገንዘብ ስለ ከፈለ እንግዳነቱ ይቀራልን? አበው «ከፍትፍቱ ፊቱ» ሲሉ የተናገሩት ለነፃ ገበታ ነበር፤ ለሚከፈልበት ገበታ ግን ይልቁን የሚገባ ቃል ይመስላል። ከፋዩ ፍትፍቱንም ፊቱንም ገዝቷልና።

በአንድ ዓርብ ቀን የሆነውን ማንሣት ለነገሩ ማስረጃ ይበቃል። አንድ ሽማግሌ ቄስ ከወንድማቸው ልጅ ጋራ ለመሬት ጉዳይ ከገጠር መጥተው፥ ከማለዳ ጀምሮ በአንድ መሥሪያ ቤት ደጅ ሲጠኑ ዋሉ። ዘጠኝ ሰዓት ካለፈ በኋላ በአቅራቢያው ወደ ነበረ ምግብ ቤት ገብተው የጾም ሽሮ አዘዙ። ሽሮው በሸክላ ድስት እየፈላ ቀረበ። ቄሱ አማትበው እጃቸውን ሊዘረጉ ሲሉ የተነጠረ ቅቤ ሽታ ስለ መጣባቸው አሳላፊውን ጠሩት።

«ልጄ፥ ይህ ቅቤ አለበትን?» አሉት።

«ዘይት ነው አባ፥ ይብሉ።»

«እስቲ ለማንኛውም ከወጥ ሠሪዋ ጠይቀህ ንገረኝ።»

ልጁ እስከ ወጥ ቤቱ በር ድረስ ሄደ፤ ከዚያም ጥቂት ቆሞ ሳይገባ ተመለሰና «ዘይት ነው ብላለች» አለ። የወንድማቸው ልጅ ይህን ተቀምጦ ይመለከት ስለ ነበረ ራሱ ተነሥቶ ገባ። ወጥ ሠሪዋም ሳትደብቅ «የፍስክ ነው፤ የጾም ነው ብሎ የነገረኝ የለም» ስትል መለሰች። ነገሩ ወደ ባለቤቱ በደረሰ ጊዜ ባለቤቱ ከገንዘብ መቀበያው ራሱን ቀና ሳያደርግ «የቀረበ ይከፈላል» አለ። ወጣቱ ሊጣላ ሲነሣ ቄሱ ከለከሉት። ሒሳቡንም ከፍለው፥ ውሃ ብቻ ጠጥተው ወደ ማደሪያቸው ሄዱ።

በዚህ ነገር ሦስት ጥፋት አለበት፤ ሦስቱም እኩል አይደሉም። የመጀመሪያው የድስት መሳሳት ነው። የጾምና የፍስክ ምግብ በአንድ ምድጃ ጎን ለጎን በሚሠራበት ቤት፥ ረቡዕና ዓርብ በየሳምንቱ በሚመላለሱበት፥ ዐቢይ ጾም ብቻውን 55 ቀን በሚሆንበት አገር፥ ጭልፋ ከድስት ወደ ድስት መሳሳቱ የሚያስደንቅ አይሆንም። ሁለተኛው የልጁ ሐሰት ነው። ይህም ቢሆን ምክንያቱ ሲመረመር ወደ ሦስተኛው ያደርሳል። የተመለሰ ምግብ ዋጋ ከአሳላፊው ደመወዝ የሚቈረጥበት ቤት አለና፥ እውነቱን ቢናገር የዕለት ዋጋውን የሚያጣ ልጅ «ዘይት ነው» ቢል ሐሰቱን ያስተማረው ጌታው ነው። እንግዲህ ባለቤቱ የአንድ ድስት ሽሮ ዋጋ አተረፈ፤ በዚያ ቤት «የጾም ነው» የሚለው ቃል ግን ከዚያ ወዲህ ዋጋ የለውም።

የዚህን ተቃራኒ ለማየት ከዚያው ከተማ መውጣት አያስፈልግም። አንዲት ሴት በምታስተዳድረው፥ ከስምንት ገበታ በማይበልጥ ቤት፥ በነቢያት ጾም የምሳ ሰዓት ላይ ሰው ሞልቶ በያይነቱ ይበላል። ወጥ ሠሪዋ የሥጋ ወጥ የወጣበትን ጭልፋ በምስሩ ድስት ውስጥ ማግኘቷን ለባለቤቲቱ ነገረቻት። ከበላተኞቹ አንዱም አላወቀም፤ ሽታም አልነበረውም፤ ዝም ቢባል የሚያውቅ አይኖርም ነበር። ሴትዮዋ ግን ሽርጧን እንደ ታጠቀች ወጥታ በየገበታው እየዞረች «ወንድሞቼ፥ እኅቶቼ፥ ምስሩን አትብሉ፤ ጥፋቱ የኛ ነው» ስትል ነገረቻቸው። ትሪውን ሁሉ አስነሥታ፥ ድስቱን አስደፍታ፥ ለሚቈይ ሽሮ እንዲሠራ አዘዘች። ከማንም ገንዘብ አልተቀበለችም።

አንድ ሰው በብርቱ ቍጣ ሰድቧት ወጣ። እውነቱን ለመናገር ቍጣው ያለ ምክንያት አልነበረም፤ ከትሪው ላይ ምስሩን ከጨረሱት አንዱ እርሱ ነበርና። ሳያውቁ የበሉት ስለሚሆንበት ነገር መፍረድ የንስሓ አባት ሥራ እንጂ የጋዜጣ ሥራ አይደለም። ሌሎቹ ግን ከግማሽ ሰዓት በላይ ተቀምጠው ሽሮውን ጠበቁ። ሥራቸው የሚያስቸኵላቸው ነበሩ፤ ሆኖም ከዚያ ቤት የሚቀርብላቸው ሁሉ የተባለውን መሆኑን በዓይናቸው ስላዩ ተነሥተው ወደ ሌላ ቤት መሄድን አልመረጡም።

ስለ ዋጋም ጥቂት ቃል ያስፈልጋል። በዋጋ ዝርዝሩ 400 ብር ተብሎ የተጻፈው ምግብ፥ 10 ከመቶ የአገልግሎት፥ በዚያም ላይ 15 ከመቶ የተጨማሪ እሴት ታክስ ሲታከልበት 506 ብር ይሆናል። ታክሱ ሕግ ነው፤ ማንም አይነቅፈውም። ነገር ግን 106 ብሩ በዝርዝሩ ግርጌ በደቃቅ ፊደል ሲጻፍ፥ ወይም ከነጭራሹ ሳይጻፍ ሲቀር፥ ኪሱን ቈጥሮ የገባ ሰው በገንዘብ ተቀባዩ ፊት ያፍራል። በ2006 ዓ.ም. የወጣው የሸማቾች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 813 ነጋዴ ዋጋውን በግልጽ እንዲያሳይና ደረሰኝ እንዲሰጥ የደነገገው በከንቱ አልነበረም።

በበላተኛው በኩልም ነቀፋ አይጠፋም። እያጨበጨበ የሚጣራ፥ ከልጁ ዕድሜ የሚበልጠውን አሳላፊ «አንተ» እያለ የሚያዝዝ፥ ከምግቡ ሦስቱን እጅ ከበላ በኋላ ጨው በዛበት ብሎ የሚመልስ ሰው ሞልቷል። ጉርሻ የሚለው ቃል በቤት በእጅ የሚሰጠውን፥ በምግብ ቤት ደግሞ ለአሳላፊ የሚተወውን ገንዘብ ያመለክታል። በቤቱ ለእንግዳ ሳያጐርስ የማይነሣ ሰው በምግብ ቤት ይህን ቃል ሲሰማ ፊቱን ያዞራል፤ በአንዳንዱ ቤት 10 ከመቶው የአገልግሎት ዋጋ ወደ አሳላፊው እጅ መድረሱንም የሚጠይቅ የለም።

ከሁሉ የከፋው ግን የሹም በላተኛ ነው። የምግብ ቤት ንጽሕና እንዲመረምር የተሾመ ሰው ለምርመራ በመጣበት ቀን ጥሩው ገበታ ይሰጠዋል፥ ክትፎው ይቀርብለታል፥ ሒሳብ ሲጠይቅ «ምን አለ ጌታዬ፥ ቤትዎ ነው» ይባላል። ባለቤቱ ይህን የሚያደርገው ስለ እንግዳ ፍቅር እንዳልሆነ ሁለቱም ያውቃሉ። ቧንቧው ውሃ ባይኖረው፥ ሥጋው ካለ ማቀዝቀዣ ቢያድር፥ የጾሙና የፍስኩ ጭልፋ አንድ ቢሆን፥ ይህ ሹም አይቶ ያልፋል፤ በማግሥቱ የሚታመመው ገንዘቡን ከፍሎ የበላው ነው።

እንዲህ ባለ ቤት አንድ ቀን ሌላ መርማሪ መጣ። ሥራውን ሳይናገር ተቀምጦ ሽሮ አዘዘ፤ በላ፤ ሒሳቡንም ከፍሎ ደረሰኙን ኪሱ ከከተተ በኋላ የመታወቂያ ወረቀቱን አውጥቶ ወጥ ቤቱን ለማየት እንደሚፈልግ ለባለቤቱ ነገረው። ባለቤቱም ገንዘቡን ሊመልስለት ሳጥኑን ከፈተ። መርማሪው እጁን ወደ ወጥ ቤቱ በር እንደ ዘረጋ ቆሞ ጠበቀው። ባለቤቱ ጥቂት ዝም ብሎ ከቈየ በኋላ ሳጥኑን ዘግቶ ተነሣ፥ በሩንም ከፈተለት።