ገመዱ ቢበጠስስ?

ሳይት ላይ ውሎ የሚያውቅ ሰው፣ ሸክም ወደ ላይ ሲጎተት ፎርማኑ «ከሥር ዞር በሉ!» እያለ ሲጮህ ሰምቷል። ጩኸቱ አይከፋም። ግን ሰሚ ይፈልጋል፤ ሚክሰር በሚያጓራበት ሳይት ደግሞ ማን ይሰማል?

እ.ኤ.አ. በ1852 ኤሊሻ ኦቲስ ከኒውዮርክ አጠገብ ባለችው ዮንከርስ በአንድ የአልጋ ፋብሪካ ውስጥ መካኒክ ነበር። የዕቃ ማንሻ ያኔም አዲስ ነገር አልነበረም። ገመዱ ሲበጠስ ግን መድረኩም፣ ዕቃውም፣ አብሮ የተሳፈረ ሠራተኛ ካለም እሱ፣ ተያይዘው ይወርዳሉ። ሌላው ሰው ገመዱን ያወፍር ይሆናል። ኦቲስ ግን የተነሣው «ገመዱ ይበጠሳል» ብሎ ነው።

መሣሪያው የጋሪ ባሌስትራ ነበር። ከመድረኩ አናት ላይ አጋደመውና ገመዱን መሀሉ ላይ አሰረው። ጭነቱ በገመዱ ላይ እስከተንጠለጠለ ድረስ ባሌስትራው እንደ ደጋን ጎብጦ ጫፎቹን ወደ ውስጥ ይሰበስባል። ግራና ቀኝ የቆሙት ቋሚዎች እንደ መጋዝ ጥርስ አላቸው። ገመዱ ሲበጠስ ባሌስትራው ይዘረጋል፤ ጫፎቹ ጥርሱ ውስጥ ይሰካሉ፤ መድረኩ ቀጥ ይላል። ማንም ምንም አይጫንም። ፍሬኑን አፍኖ የያዘው የገመዱ ውጥረት ስለሆነ፣ አደጋው ራሱ ፍሬኑን ይለቅቀዋል። ከዚህ የበለጠ ብልህ ፍሬን አላየሁም።

ገዢ ግን ቶሎ አልመጣም። ስለዚህ በ1854 ኒውዮርክ በክሪስታል ፓላስ ኤግዚቢሽን ላይ ኦቲስ ራሱ ከፍ ካለ መድረክ ላይ ቆሞ፣ ሕዝብ እያየ ገመዱን አስቆረጠ። መድረኩ ትንሽ ወረደና ቆመ። በመጋቢት 1857 ብሮድዌይ ላይ በሚገኝ ባለ 5 ፎቅ መደብር ውስጥ ሰው የሚያመላልስ አሳንሰር በእንፋሎት መሥራት ጀመረ።

ባሌስትራው አንድ ነገር አያውቅም ነበር፤ ገመዱ ሳይበጠስ መድረኩ ከልክ በላይ ቢፈጥን ዝም ይላል። የዛሬ ሊፍት ስለዚህ ፍጥነት የሚቆጣጠር መሣሪያ ተጨምሮለታል፤ ልክ ሲያልፍ ሐዲዱን ጨምድዶ የሚይዘውን ፍሬን ይስባል።

ለሳይታችሁ የዕቃ ማንሻ የምትገዙ ወይም የምታስበይዱ ከሆነ፣ ስንት ኩንታል እንደሚያነሣ ከመጠየቃችሁ በፊት ገመዱ ሲበጠስ ምን እንደሚይዘው ጠይቁ። ሻጩ መልስ ካጣ አትግዙት።