ጌሾና ሆፕ፤ ያለ እሳት ስለሚወጣ መራራነትና መዓዛ

ከባሕር ዳር ተነሥቶ በመርዓዊ፣ በዳንግላና በእንጅባራ በኩል ወደ ቡሬና ወደ ፍኖተ ሰላም የሚወርድ መንገደኛ፣ ዓይኑን አስቀድሞ የሚማርከው የዳጉሳው፣ የበቆሎውና የበርበሬው ማሳ ነው እንጂ፣ በየቤቱ ጓሮ ከአጥር ሥር ተጠግቶ የበቀለው፣ ቅጠሉ የሚያብረቀርቀው ቁጥቋጦ አይደለም። ይሁን እንጂ ሠርግ ቢሆን፣ ተዝካር ቢሆን፣ የማኅበር ጽዋ ወይም የሰንበቴ ዝክር ቢሆን፣ ወይም ጎረቤት ለጎረቤቱ አጨዳ በወንፈል የሚወጣበት ቀን ቢሆን፣ የዚህ ቁጥቋጦ ቅጠል አስቀድሞ ሳይለቀም፣ ሳይደርቅና ሳይወቀጥ የሚሰናዳ ድግስ በዚያ አገር እምብዛም የለም። ይህም ተክል ጌሾ ነው።

በዘመናችን በአውሮፓና በአሜሪካ ቢራን በቤታቸው የሚጠምቁ ሰዎች፣ የሎሚና የብርቱካን መዓዛ ያለውን፣ ፔል ኤል የሚባለውን ፈካ ያለ ቢራ በሚያዘጋጁበት ጊዜ፣ ሆፕ የሚባለውን መዓዛ ሰጪ ተክል እሳት ሳይነካው፣ መጠጡ ተብላልቶ ሊያበቃ ሲል በቀዝቃዛው ውስጥ መጨመርን እንደ ታላቅ ጥበብ ይቈጥሩታል። ጥበብነቱን አልክድም፤ ነገር ግን የመራራን ቅጠል ኀይል ያለ እሳት፣ በውሃና በጊዜ ብቻ ማውጣት የጎጃም እናቶች ለልጆቻቸው ሲያስተላልፉት የኖሩት ሥራ ስለ ሆነ፣ ሁለቱን ጎን ለጎን አቁሞ ማስተዋወቅ ለአንባቢ ይጠቅማል ብዬ አምናለሁ። ይልቁንም የጠላ ጠማቂነት ዕውቀት በብራና ላይ ሳይሰፍር በሴቶች እጅ ብቻ ተጠብቆ የኖረ በመሆኑ፣ ከሊቃውንቱ ዘንድ የሚገባውን ክብር ሳያገኝ መቅረቱ ያሳዝነኛል።

ጌሾን ሊቃውንተ ዕፅዋት ራምኑስ ፕሪኖይዴስ ብለው ይጠሩታል፤ በነገድ በነገዱ ሲመደብም የቁርቁራ ዘመድ ሆኖ ይገኛል። ተክሉ በኢትዮጵያና በኤርትራ ከፍተኛ ቦታዎች ሳይወሰን ወደ ደቡብ እስከ ደቡብ አፍሪካ ድረስ ይበቅላል። የቅጠሉ ጠርዝ በጥቃቅን ጥርሶች የተከበበ፣ አበባው አረንጓዴና ልብ ብሎ ካልተመለከቱት የማይታይ፣ ፍሬውም በመጀመሪያ ቀይ ሆኖ ሲበስል ወደ ጥቁር ሐምራዊ የሚያደላ ነው። ለጠላ በተለይ የሚፈለገው ቅጠሉ ሲሆን፣ ለጠጅ ግን ተከትክቶ የደረቀው እንጨቱ ይመረጣል። የኬሚስትሪ ሊቃውንት ከዚህ ተክል ለይተው ካወጧቸው ንጥረ ነገሮች አንዱን፣ በተክሉ ስም ጌሾይዲን ብለው ሰይመውታል።

ስለ ጌሾ ሲነሣ፣ ወደ ጣና ሐይቅ ገባ ብላ የተቀመጠችውን የዘጌን ልሳነ ምድር ሳያነሡ ማለፍ አይገባም። በዘጌ በሬ ጠምዶ ማረስ ከጥንት ጀምሮ በገዳማቱ ሥርዓት የተከለከለ ስለ ሆነ፣ በኡራ ኪዳነ ምሕረትና በአዝዋ ማርያም ገዳማት ዙሪያ የሚኖረው ሕዝብ ሲተዳደር የቆየው ከዛፎች ጥላ ሥር በሚያለማቸው ዕፅዋት ነው፤ ከእነዚህም ዋነኞቹ ቡና፣ ጌሾና ሎሚ ናቸው። የአገሩ ሰዎች እንደሚተርኩትም ጻድቁ አቡነ በትረ ማርያም በትራቸውን ለሦስት ከፍለው ቢተክሉት አንዱ ቡና፣ አንዱ ጌሾ፣ አንዱም ሎሚ ሆኖ በቀለ። ባሕር ማዶ ያለው ጠማቂ መራራነትንና የሎሚን መዓዛ ከአንድ ተክል ለማግኘት ብዙ ሲደክም፣ የዘጌ ትውፊት ሁለቱን ለሁለት ዕፅ አካፍሎ ከአንድ በትር ማስገኘቱ ሁልጊዜ ያስደንቀኛል።

የጠላ ሥራ የሚጀመረው ከጋኑ ነው። ጋኑ በግራዋ ቅጠል ታሽቶ ከታጠበ በኋላ፣ አፉ በሚጤስ የወይራ እንጨት ላይ ተደፍቶ ይታጠናል። ጢሱ በሸክላው ጥቃቅን ቀዳዳዎች ዘልቆ ገብቶ የማይፈለገውን ተሕዋስ ሁሉ ያዳክማል፤ ለመጠጡም የራሱን ሽታ ያወርሰዋል። ባለሙያ ጠማቂ ጋኑ በሚገባ መታጠኑን ሳታረጋግጥ ወደሚቀጥለው ሥራ አትሻገርም፤ ጠላው የተበላሸ እንደ ሆነ ጎረቤት መጀመሪያ የሚጠረጥረው የጋኑን አስተጣጠብና አስተጣጠን ነውና።

ቀጥሎ ጥንስሱ ይመጣል፤ የነገሩ ምሥጢር ያለውም እዚህ ላይ ነው። ደርቆ የተወቀጠው የጌሾ ቅጠል በታጠነው ጋን ውስጥ ከውሃ ጋር ተደባልቆ፣ አፉ ተከድኖ ለሁለት ወይም ለሦስት ቀን ይቀመጣል። በእነዚህ ቀናት ውስጥ ድስት አይጣድም፤ እሳትም አይነድም። ውሃው ቀስ በቀስ የቅጠሉን መራራነት ይስባል፤ በቅጠሉ ላይና በሸክላው ውስጥ ተሰውሮ የነበረው እርሾም ይነቃል። ማንም ሰው ከውጭ እርሾ ገዝቶ አልጨመረም፤ ነገር ግን በጠላ ውስጥ ሠርቶ የሚገኘው ሳካሮማይሴስ ሴረቪዚዬ የተባለው እርሾ፣ በአውሮፓ ኤል የሚባሉትን ቢራዎች የሚያብላላው ራሱ ነው። የጌሾ ጭማቂ የአንዳንድ ባክቴሪያዎችን ዕድገት እንደሚገታ በቤተ ሙከራ የታየ በመሆኑም፣ ቅጠሉ አስቀድሞ በውሃው ውስጥ መግባቱ ጣዕም ከመስጠት አልፎ፣ እህሉ ከመምጣቱ በፊት ለእርሾው ቦታ የማዘጋጀት ያህል እንደ ሆነ እረዳለሁ። እናቶቻችን የእርሾን ስም በላቲን ሳያውቁ የሥራውን ቅደም ተከተል እንደዚህ ማደላደላቸው፣ በብዙ ትውልድ ልምድ እንጂ በዕድል የተገኘ አይመስለኝም።

ብቅሉ ደግሞ ለብቻው ይሰናዳል። ገብሱ ወይም ሌላው እህል ተዘፍዝፎ ይቆይና በሰፋፊ ቅጠል ተጠቅልሎ እስኪያጐነቁል ይጠበቃል፤ ከዚያም በፀሐይ ደርቆ ይፈጫል። እህሉ ሲያጐነቁል ለቡቃያው ምግብ የሚሆነውን ስታርች ወደ ስኳር የሚለውጡ ኢንዛይሞች በውስጡ ይፈጠራሉ፤ ጠማቂዋ የምትፈልገው እነዚህን ነው። ከዱቄት የተጋገረው ቂጣ፣ ቆይቶም ተቈልቶ፣ ተፈጭቶና በውሃ ታሽቶ የበሰለው እንኩሮ፣ ከብቅሉ ጋር በየተራ ወደ ጥንስሱ ይገባሉ፤ ወፍራሙም ውሑድ ድፍድፍ ይባላል። በምዕራብ ጎጃም ዳጉሳ የሞላ አገር ስለ ሆነ የብዙው ቤት ጠላ ከዳጉሳ ይጠመቃል፤ የቂጣው ዳር ሲያር፣ እህሉም ሲቈላ የሚገኘው ጠቆር ያለ መልክና ጣዕም እንጀራ በልቶ ለሚጠጣው ሰው የሚስማማ ነው። ድፍድፉ ተብላልቶ በሚገባ ከደረሰ በኋላ ውሃ ተጨምሮበት ጋኑ ይታሸጋል፤ ሳይጠራ የተቀዳው ጉሽ፣ ዋናው ካለቀ በኋላ ውሃ ተጨምሮ የሚገኘው ቀጭኑ ደግሞ ቅራሪ ይባላል፤ የመጨረሻው ዝቃጭም አተላ ተብሎ ለከብት ይሰጣል። የተለመደው ጠላ የአልኮል ኀይሉ ከ100 እጅ ከ2 እስከ 4 ያህል ነው፤ ቀኑን ሙሉ ሲያጭድ የሚውል ሰው ጠጥቶት ሥራውን የሚቀጥለውም ስለዚህ ነው።

አሁን ወደ ሆፕ እንለፍ። ሆፕ በእንጨት ወይም በገመድ ላይ እየተጠመጠመ የሚያድግ ሐረግ ሲሆን፣ የሚፈለገው ሴቴዋ ተክል የምታወጣው፣ በቅርፊት ላይ ቅርፊት የተደራረበበት አበባ ነው፤ በቅርፊቶቹም ሥር ሉፑሊን የሚባል ቢጫ ዱቄት ይገኛል። በ12ኛው መቶ ዓመት የነበሩት ጀርመናዊት እመ ምኔት ሂልደጋርድ ዘቢንገን፣ መራራነቱ መጠጥን ከመበላሸት እንደሚጠብቅ ጽፈዋል፤ በ1516 እ.ኤ.አ. የወጣው የባቫርያ ሕግ ደግሞ ቢራ ከገብስ፣ ከሆፕና ከውሃ በቀር ሌላ እንዳይገባበት ደነገገ። ሆፕ ከጌሾ የሚለይበት አንድ ዐቢይ ነገር አለ፤ ይኸውም የመራራነቱ ምንጭ የሆኑት አሲዶች በቀዝቃዛ ውሃ በደንብ የማይሟሙ፣ አንድ ሰዓት ያህል በእሳት ሲፈሉ ግን መልካቸውን ለውጠው ከመጠጡ ጋር የሚዋሐዱ መሆናቸው ነው። መዓዛውን የተሸከሙት ዘይቶች በአንጻሩ ከእንፋሎቱ ጋር ይበናሉ። ስለዚህ መራራነቱን የሚያመጣው እሳት መዓዛውን ያጠፋል፤ ጠማቂውም ሁለቱን በአንድ ጊዜ ሊያገኝ አይችልም።

ከዚህ ችግር ለመውጣት የተገኘው ዘዴ ሆፑን ከፍሎ መጨመር ነው። አንዱ ክፍል ለመራራነት መጀመሪያ ላይ ይፈላል፤ ሌላው ለመዓዛ መጨረሻ ላይ ይገባል፤ የቀረው ደግሞ ጭራሽ እሳት ሳያይ፣ ቢራው ከቀዘቀዘና የእርሾው ሥራ ጋብ ካለ በኋላ በደረቁ ይጨመራል። የእንግሊዝ ጠማቂዎች ወደ ህንድ በሚልኩት ቢራ በርሜል ውስጥ ደረቅ ሆፕ ይጨምሩ ነበር፤ የዛሬው የሎሚ መዓዛ ግን በአብዛኛው የአሜሪካ ሥራ ነው። በኦሪጎን የተዳቀለው፣ ግሬፕፍሩት የሚባለውን መራራ ብርቱካን የሚያስታውሰው ካስኬድ የተባለ የሆፕ ዘር በ1972 እ.ኤ.አ. ለገበሬዎች ተሰጠ፤ በ1975 እ.ኤ.አ. ደግሞ የሳን ፍራንሲስኮው የአንከር ጠመቃ ድርጅት ሊበርቲ ኤል የተባለውን ቢራ በዚሁ ካስኬድ በደረቁ መዓዛ ሰጥቶ አወጣው።

በቤቱ 20 ሊትር ያህል የሚጠምቅ ሰው ከ50 እስከ 100 ግራም ሆፕ በዚህ ዓይነት ጨምሮ ከ3 እስከ 5 ቀን ካቆየው ይበቃዋል፤ ከዚያ ሲያልፍ የሣር ጣዕም ሊመጣ ይችላል። በእነዚያ ቀናት ዘይቱ ወደ መጠጡ ከመግባቱ ሌላ፣ ገና በሥራ ላይ ያለው እርሾ ጄራኒዮል የተባለውን፣ የጽጌረዳ ሽታ ያለውን ንጥረ ነገር ሲትሮኔሎል ወደሚባለውና ወደ ሎሚ ወደሚያደላው ይለውጠዋል። ከሁለት ነገር ግን መጠንቀቅ ያሻል። አየር ከገባ መዓዛው ፈጥኖ ይሞታል፤ በሆፑ ላይ ያሉ ኢንዛይሞችም የቀረውን ስኳር መሰል ነገር ፈትተው እርሾውን ዳግመኛ ያስነሡታልና፣ ይህ ሁሉ ሳያልቅ ጠርሙስ የሞላ ሰው ጠርሙሱ ሊፈነዳበት ይችላል።

ከዚህ የተነሣ ሁለቱ ሥራዎች በአገባብ ሲመሳሰሉ በዓላማ ይራራቃሉ ብዬ እፈርዳለሁ። ጌሾው ያለ እሳት የሚገባው መጀመሪያ ላይ፣ መጠጡን ለመመሥረት ነው፤ ደረቁ ሆፕ የሚገባው መጨረሻ ላይ፣ የተፈጸመውን ለማስዋብ ነው። በጠላ ውስጥ የመዓዛው ድርሻ የጌሾው ሳይሆን የወይራው ጢስና የተቈላው እህል ነው፤ ስለዚህ ጌሾን በሆፕ፣ ሆፕንም በጌሾ ተክቶ ያንኑ መጠጥ አገኛለሁ የሚል ሰው አይሳካለትም። ጌሾ ለአገሩ ጠባይ የተስማማ መሆኑ ግን በሌላ ነገር ደግሞ ይታያል። ቡሬ 2,000 ሜትር ያህል ከፍታ ላይ ስላለች ውሃ እዚያ የሚፈላው 93 ዲግሪ ገደማ ሲደርስ ነው፤ የሆፕ መራራነትም በዚህ ሙቀት ከባሕር ወለል ይልቅ ዘግይቶ ይወጣልና፣ በቡሬ ወይም በፍኖተ ሰላም ቢራ ልጥመቅ የሚል ሰው ወይ ረዘም አድርጎ ማፍላት ወይ የሆፑን መጠን መጨመር ይኖርበታል። የጌሾ ጥንስስ ምድጃ ስለማያውቅ የተራራው ከፍታ አይመለከተውም። ሆፕ በዚያ አገር በቅሎ በደንብ እንዳያፈራ የሚያደርገውም የቀኑ ርዝመት ነው፤ ሐረጉ የበጋ ቀን የሚረዝምበትን የሰሜን አገር የለመደ ሲሆን፣ በጎጃም የዓመቱ ረጅሙ ቀን 13 ሰዓት እንኳ አይሞላም። በ1922 እ.ኤ.አ. ከተቋቋመው ከቅዱስ ጊዮርጊስ ጀምሮ የአገራችን ቢራ ፋብሪካዎች ሆፕን ከባሕር ማዶ የሚያስመጡትም ስለዚህ ነው።

ጌሾ ግን በተቃራኒው መንገድ ይጓዛል። በዋሽንግተንና በሌሎች የአሜሪካ ከተሞች ያሉ የኢትዮጵያውያን ሱቆች የደረቀ የጌሾ ቅጠልና እንጨት ይሸጣሉ፤ በ1978 እ.ኤ.አ. በወጣው የአሜሪካ ሕግ መሠረትም ሁለት ለአካለ መጠን የደረሱ ሰዎች ያሉበት ቤት በዓመት እስከ 200 ጋሎን፣ ማለት 757 ሊትር ያህል ቢራ ያለ ግብር ለራሱ ሊጠምቅ ስለሚችል፣ በስደት ያለች እናት ለበዓል ጠላዋን ከመጥመቅ የሚከለክላት የለም። ሸክላ ጋንና የሚጤስ ወይራ በአፓርታማ ውስጥ ማግኘት ግን ከባድ ነው፤ በፕላስቲክ ወይም በመስታወት ዕቃ የተጠመቀው ጠላ መራራነቱ ሲሰምርለት የሚጐድለው የጢሱ ጣዕም መሆኑ ከላይ የተናገርነውን ያጸናል።

ሁለቱንም ለመሞከር የሚሻ ሰው ስለ አቀማመጣቸው አንድ ነገር ሊያውቅ ይገባዋል። የጌሾ ቅጠል ደርቆ እርጥበት በማይደርስበት ቦታ ቢቀመጥ እስከሚቀጥለው ድግስ ይቆያል፤ ሆፕ ግን አየር የማይገባው ማሸጊያ ውስጥ ሆኖ በብርድ ካልተጠበቀ ዘይቱ ይበናል፣ አሲዱም ተበላሽቶ የአሮጌ አይብ ሽታ ያመጣል። እንደዚህ ያለውን ሆፕ ማፍላት ጥቂት ይረዳው እንደ ሆነ እንጂ፣ በደረቁ ከቢራው ላይ መጨመር ፈጽሞ አይገባም።