«አመል ያወጣል ከመሃል»፤ ሱስስ?

ከሱዳኑ ጦርነት በፊት በካርቱም ሻይ ሻጮች ዘንድ ይህን ማየት የዘወትር ነገር ነበር። ዝቅ ባለች ወንበር ላይ የተቀመጠ ሰው ከኪሱ ትንሽ ፌስታል ያወጣል። ውስጧ ያለው ቶምባክ የሚሉት እርጥብ ትንባሆ ነው። ቆንጠር አድርጎ በመዳፉ ያድበለብለዋል፤ ከዚያ ከታችኛው ከንፈሩ ሥር ይወትፈዋል። ይህን ሁሉ ሲያደርግ ወሬውን አያቋርጥም። ቶምባክ ኒኮቲኑ ከባድ ነው፤ «አትሮን» የሚባለው ጨው ስለሚቀላቀልበት ደግሞ ቶሎ ወደ ደም ይገባል። ይሁንና ቶምባክ የሚይዘው በአብዛኛው ወንድ ነው፤ ለሴት እንደ ነውር ይቆጠራል። የሱስ ምንጩ ጠባይ ብቻ ቢሆን ኖሮ ይህ የወንድና የሴት ልዩነት ከየት ይመጣ ነበር?

አንድ ወጣት ሱስ ሲይዘው ጎረቤት «ድሮም አመሉ ነው» ይላል። ተመራማሪዎች ግን «ሱሰኛ ስብዕና» የሚባል አንድ ዓይነት ሰው ለአሥርተ ዓመታት ፈልገው አላገኙም። ያገኙት አደጋውን ከፍ የሚያደርጉ የተለያዩ ጠባዮችን ነው። በኒውዚላንድ ዱኒዲን ከተማ እ.ኤ.አ. በ1972 እና በ1973 የተወለዱ ከ1,000 በላይ ልጆችን የተከታተለ ጥናት፣ በልጅነታቸው ራሳቸውን መግዛት የከበዳቸው በ32 ዓመታቸው በዕፅ የመያዝ ዕድላቸው ከሌሎቹ እንደሚበልጥ አሳይቷል። ይበልጣል ማለት ግን የማይቀር ዕጣ ነው ማለት አይደለም።

የካናዳዋ ተመራማሪ ፓትሪሺያ ኮንሮድ አራት ጠባዮችን ይለያሉ፦ ተስፋ ቢስነት፣ የጭንቀት ስሜትን አብዝቶ መፍራት፣ ችኩልነትና የደማቅ ስሜት ጥማት። በካርቱም ዴም ሰፈር የሚኖሩ ሁለት ጓደኛሞች አሉ እንበል። አንዱ ሳያስብ የሚገባ ችኩል ነው፤ «አይስ» የሚሉት ሜታምፌታሚን ሲቀርብለት ነገ የሚባል ነገር አይታየውም። ሌላው ዝምተኛና ጭንቀታም ነው፤ ልቡ በመታ ቁጥር የሚሞት ይመስለዋል፤ የሚያረጋጋውን ኪኒን የሚለምደው እንቅልፍ ፍለጋ ነው። ሁለቱም «ሱሰኛ» ይባላሉ እንጂ የገቡበት በር ለየቅል ነው። የመጀመሪያው ቆም ብሎ ማሰብን፣ ሁለተኛው ጭንቀቱን መቻልን መማር አለበት። ለሁለቱም አንድ ዓይነት ተግሣጽ መስጠት አንዱን እንኳ አይረዳም።

ነገሩ የኋሊትም ይሠራል። አይስ እንቅልፍ ይነሳል፣ ያስቆጣል፣ ሰውን ሁሉ ያስጠረጥራል። ቤተሰብ ይህን ያየና «ክፉ አመሉ ሱሰኛ አደረገው» ይላል፤ አመሉን ያከፋው ዕፁ ሊሆን እንደሚችል ግን አይጠረጥርም።

ቦታውም ድርሻ አለው። ከቬትናም ጦርነት የተመለሱ አሜሪካውያን ወታደሮችን ያጠኑት ሊ ሮቢንስ፣ እዚያ በሄሮይን ተይዘው ከነበሩት ውስጥ አገራቸው በገቡ በአንድ ዓመት ጊዜ ዳግም የተያዙት 5 በመቶ ያህሉ ብቻ እንደሆኑ አግኝተዋል። ሰዎቹ ያው ናቸው፤ የተለወጠው ኑሯቸው፣ ጓደኛቸውና የዕፁ ቅርበት ነው።

ካርቱም የገጠማት የዚህ ግልባጭ ነው። አይስ ከጦርነቱ በፊት በወጣቱ መካከል ተስፋፍቶ ነበር፤ እ.ኤ.አ. ኤፕሪል 15 ቀን 2023 ጦርነቱ ሲነሣ ቤት፣ ሥራና ዘመድ አንድ ላይ ተበተኑ። ጭምቱም ችኩሉም ከለላውን ያጣው በአንድ ቀን ነው።

ሱዳን ሰውን ከኑሮውና ከአካባቢው ጋር አያይዞ ለማየት የራሷ መምህር ነበሯት። ዶክተር ቲጃኒ አል ማሂ እ.ኤ.አ. በ1950 በሰሜን ካርቱም የአእምሮ ሕክምና ክሊኒክ ሲከፍቱ፣ በሽተኛውን ከቤተሰቡና ከእምነቱ ሳይነጥሉ ማከምን መረጡ። በኦምዱርማን ያለ የአእምሮ ሆስፒታል በስማቸው ይጠራል። እኛም ቤታችን ሱስ የያዘው ሰው ካለ፣ «ምን ዓይነት ሰው ነው?» ከማለታችን በፊት «ምን ሊያስታግስ ጀመረው? ያንን ያለ ዕፅ እንዲችለው ማን ያግዘው?» ብለን እንጠይቅ።