ደረቅ ወይስ ለስላሳ? ጠጅ ቤት በአምባሰል አገር

ጠጅ ቤት ገብቶ አግዳሚ ወንበር ላይ ላረፈ እንግዳ የመጀመሪያው ጥያቄ «ደረቅ ይሁን ለስላሳ?» የሚል ነው። ለስላሳው ከተጣለ ብዙ ያልቆየ፣ የማሩ ጣዕም ገና ያልለቀቀው ነው። ደረቁ ስኳሩ ተበልቶ ያለቀ፣ ኮምጠጥ ያለና ቶሎ የሚያሞቅ ነው። ለማይወስን ደግሞ መካከለኛ አለ። የከተማው የወይን ቤት በረጅም ዝርዝር የሚያቀርበውን ምርጫ ጠጅ ቤት በሦስት ቃል ይጨርሰዋል።

ከደሴ ወደ ሰሜን 30 ኪሎ ሜትር ያህል ሄዶ የሐይቅን ከተማ፣ ከዚያም ውጫሌን የሚያገኝ መንገደኛ ይህ መጠጥ የቆየ ታሪክ ያለበትን አገር እያቋረጠ ነው። ፖርቱጋላዊው ቄስ ፍራንሲስኮ አልቫሬዝ ከ1520 እስከ 1526 እ.ኤ.አ. በዐፄ ልብነ ድንግል ዘመን ኢትዮጵያ ቆይቶ በጻፈው መጽሐፍ፣ የነገሥታት ልጆች ስለሚጠበቁበት ተራራ ያወሳል፤ በቤተ መንግሥት ስለሚቀርበው የማር ጠጅም እንዲሁ። ያ ተራራ፣ ግሸን፣ ዛሬ በአምባሰል ወረዳ ይገኛል። ጠጅ ያኔ የንጉሥና የመኳንንት መጠጥ ነበር፤ ቤተ መንግሥቱም የራሱ ጠጅ ጣዮችና አሳላፊዎች ነበሩት። ባላገሩ ጠላውን ይጠጣ ነበር።

ጠጅ መጣል ትዕግሥት ይጠይቃል። እንስራው ታጥቦ በወይራ ጭስ ይታጠናል። ልኩ እንደየጣዩ ቢለያይም አንድ እጅ ማር በሦስት ወይም በአራት እጅ ውሃ ይበጠበጣል፤ ሰፈፉ ወደ ላይ ሲወጣ ይገፈፋል። በዚህ ደረጃ ያለው ገና ብርዝ ነው። ወሎ ውስጥ ሙስሊምና ክርስቲያን አንድ ድግስ ላይ ስለሚገናኙ ብርዝ የራሱ ክብር አለው፤ ጠጅ የማይጠጣው እንግዳም ከማሩ ሳይካፈል አይሄድም። ብርዙን ጠጅ የሚያደርገው ከዚያ በኋላ የሚገባው ጌሾ ነው። የተቀቀለው የጌሾ እንጨት ምሬቱን ይሰጣል፤ ከማሩ፣ ከጌሾውና ከእንስራው የሚመጣው እርሾ ስኳሩን ወደ አልኮል ይለውጣል። ጆሮውን ወደ እንስራው አፍ ያስጠጋ ሰው ሲንሿሿ ይሰማዋል። ቆላ ላይ ቶሎ ይደርሳል፣ ደጋ ላይ ይዘገያል፤ ሐይቅ ከ1,900 ሜትር በላይ ከፍታ ላይ ስላለች በመሀል ናት። ተጣርቶ ሲቀርብ አልኮሉ ብዙውን ጊዜ ከ7 እስከ 11 በመቶ ይሆናል፤ ከቢራ በላይ፣ ከወይን አጠገብ ማለት ነው።

ጠጁ የሚጠጣበትን ብርሌ አንገቱን ይዘው ነው የሚያነሡት። ሆዱ ሰፊ፣ አንገቱ ጠባብ መሆኑ ማር የሚሸታቸውን ንብና ዝንብ ለማራቅ ይረዳል ይባላል።

ኢትዮጵያ በአፍሪካ ቀዳሚ የማር አምራች ናት፤ ከማሯም ብዙው ጠጅ ይሆናል። ያም ሆኖ ማር በተወደደ ቁጥር ስኳርና ቢጫ ቀለም የሚቀላቅሉ አልጠፉም። ይህ በዝምታ የሚታለፍ አይደለም። ገንዘቡን የከፈለ ጠጪ ማር ይገባዋል፣ ንብ አናቢውም ገበያው።

ጠጅ ያለ ሙዚቃ ጎደሎ ነው፤ በዚህ አምባሰልን የሚወዳደረው የለም። ከአራቱ ዋና ዋና ቅኝቶች አንዱ በስሙ ይጠራል። ከ«ዶ» ቢነሣ ዶ፣ ዝቅ ያለ ሬ፣ ፋ፣ ሶልና ዝቅ ያለ ላ ይሆናል፤ ከመነሻው አጠገብ ያለችው ያቺ ግማሽ ድምፅ ናት ሆድ የምታባባው። ድምፃዊት ማሪቱ ለገሠ አምባሰልን ስትጫወት ያደመጠ ሰው ማብራሪያ አያስፈልገውም። አዝማሪ ባለበት ቤት ጠጪውም ሥራ አለው፦ «ተቀበል!» ብሎ ስንኝ ይሰጣል፣ አዝማሪው በማሲንቆው እያዋዛ ይመልስለታል።

ይህን ባህል ወደ አደባባይ ማውጣት እንደሚቻል በአዲስ አበባ ታይቷል። ውዝዋዜ አዋቂው መላኩ በላይ ካዛንቺስ የነበረውን ፈንድቃ የተባለ አዝማሪ ቤት የሥዕል ማሳያ ጭምር ያለው የባህል ማዕከል አድርጎት፣ የውጭ ሙዚቀኞች ሳይቀሩ መጥተው ተጫውተውበታል። ሐይቅም ሐይቋንና ከ13ኛው ክፍለ ዘመን ጀምሮ የታወቀውን የእስጢፋኖስን ገዳም ብለው የሚመጡ እንግዶች አሏት። ለእነሱ የሚሆን አንድ ደህና ጠጅ ቤት፣ ማሩ ከየትኛው ቀበሌ እንደመጣና ጠጁ መቼ እንደተጣለ ግድግዳው ላይ ቢጽፍ፣ ማሲንቆም ቢኖረው፣ የትኛውም የወይን ቤት የማይሰጠውን ያቀርባል።