የጠላቂ ልብስ ማሞቂያ ባትሪና የቮልት መቆጣጠሪያ

ውሃ ሙቀትን ከአየር ከ20 እጥፍ በላይ ስለሚያስተላልፍ፣ በቀዝቃዛ ባሕር ለረዥም ጊዜ የሚሠራ ጠላቂ ከልብሱ ሥር በባትሪ የሚሞቅ ሰደርያ ይለብሳል። የዚህ ጽሑፍ ዓላማ ባትሪውን በቀጥታ ከሰደርያው ጋር ማገናኘት ለምን እንደማይበቃ ማስረዳት ነው።

3 ኦም የሆነ የማሞቂያ ሽቦ እንውሰድ። በተከታታይ የተያያዙ 3 የሊቲየም ሴሎች ሲሞሉ 12.6፣ ሊያልቁ ሲሉ 9 ቮልት ገደማ ይሰጣሉ። ኃይል ማለት የቮልቱ ካሬ ለኦሙ ሲካፈል ስለሆነ፣ መጀመሪያ 53 ዋት የነበረው በመጨረሻ 27 ዋት ይሆናል። እንግዲህ ጠላቂው ወደ ላይ በሚወጣበት ሰዓት ሙቀቱ በግማሽ ይጎድልበታል ማለት ነው። ነገሩ የምቾት ብቻ አይደለም። የአሜሪካ ባሕር ኃይል በ2007 እ.ኤ.አ. ያወጣው ጥናት እንዳሳየው፣ በጥልቁ ሞቆት ሲወጣ የሚበርደው ሰው በሰውነቱ የሟሟው ጋዝ በደንብ ስለማይወጣለት ለሕመም ይበልጥ ይጋለጣል።

መፍትሔው በባትሪውና በሽቦው መካከል የሚገባ ትራንዚስተር ነው። ይህም ኤሌክትሪኩን በሰከንድ ብዙ ጊዜ እያሳለፈና እያቋረጠ አማካዩን ኃይል በ27 ዋት ያጸናዋል፤ ባትሪው ሙሉ ሲሆን ግማሹን ጊዜ ያህል፣ ሲደክም ግን ሙሉውን ጊዜ ያሳልፋል። ለ2 ሰዓት 54 ዋት-ሰዓት፣ ይኸውም በ10.8 ቮልት 5 አምፔር-ሰዓት ያስፈልጋል። ብርድ የባትሪን አቅም ስለሚቀንስ መጠባበቂያ መጨመር፣ ከባትሪውም አጠገብ ፊውዝ ማድረግ ይገባል። ከሁሉ በላይ ግን ጠላቂው በጥልቁ ሳለ ቆጥቦ፣ ሙቀቱን ለመውጫው ሰዓት ያቆይ።