ቤዝ ጊታር ከከበሮና ከማሲንቆ ጋር

በመንዝ፣ በግሼና በመርሐቤቴ ጨዋታ የሚደምቀው በሰው ድምፅ፣ በጭብጨባና በከበሮ ነው። አዝማሪ ማሲንቆውን ይዞ ሲገባም ወፍራሙን ድምፅ የሚሰጠው የከበሮው ሰፊ ፊት ብቻ ነው። ጭክጭካ የሚባለው ምት ወደ ባንድ ሲገባ ግን ቤዝ ጊታር ከከበሮው ጎን ተሰለፈ። የቤዝን ድምፅ ማስተካከል አስቸጋሪ የሚሆነውም ከዚህ የተነሣ ነው፤ ከከበሮው ጋር ሳይደባለቅ፣ ማሲንቆውንም ሳይሸፍን መሰማት አለበት።

የፌንደር ፕሪሲሽን ቤዝ በ1951፣ ባለ ሁለት ፒካፑ ጃዝ ቤዝ ደግሞ በ1960 እ.ኤ.አ. ገበያ ወጡ። በእኛ አገር መሣሪያውን በሚገባ ካስከበሩት መካከል የአይቤክስና የሮሃ ባንዱ ጆቫኒ ሪኮ፣ የዋልያሱም መላከ ገብሬ ይጠቀሳሉ። በ1977 እ.ኤ.አ. የወጣውን የዋልያስ «ቼ በለው» አልበም የሰማ ሰው ቤዝ ዜማውን ምን ያህል እንደሚሸከም ይረዳል። ዛሬ በባህል ቡድኖች ክራርም ሊድና ቤዝ ተብሎ ተለይቷል፤ ፒካፕ ገጥሞ የሚጫወተውም ብዙ ነው።

ፒካፕ ማለት ማግኔትና በዙሪያው የተጠመጠመ ቀጭን ሽቦ ነው። የብረት ክሩ ሲርገበገብ ሽቦው ውስጥ ኤሌክትሪክ ይፈጠራል። ወደ አንገቱ የቀረበው ፒካፕ ክሩ በሰፊው የሚርገበገብበት ቦታ ስለሆነ ድምፁ ወፍራምና ሞላ ያለ ነው። ከድልድዩ አጠገብ ያለው ደግሞ ጠንካራና ጥርት ያለ ድምፅ ይሰጣል። ጃዝ ቤዝ ላይ ሁለቱንም ቮልዩም እኩል ሲከፍቱ የመካከለኛው ድምፅ የተወሰነ ክፍል ይጠፋል። ማሲንቆ የሚዘፍነው እዚያው መካከል ላይ ነውና ይህ ቦታ ይለቅለታል። ነገር ግን ኪቦርድና ጊታር ሲጨመሩ ቤዙ ራሱ ይዋጣል። ያኔ የአንገቱን እንደተከፈተ ትቶ የድልድዩን ጥቂት መቀነስ ይበጃል፤ የጠፋው መካከለኛ ድምፅ ይመለሳል።

የፒካፑ ከፍታም ችላ አይባልም። የመጨረሻው ፍሬት ላይ ክሩን ተጭኖ ሲለካ ከ2 እስከ 3 ሚሊ ሜትር ክፍተት ጥሩ መነሻ ነው። ከዚያ በጣም ከቀረበ ማግኔቱ ክሩን ይስበውና ቅኝቱ ይዛባል። አራቱ ክሮች እኩል ካልጮሁም መጀመሪያ የሚነካው የፒካፑ ቪስ እንጂ ሚክሰሩ አይደለም።

ባትሪ በሌለው ቤዝ ላይ ያለው የቶን ማዞሪያ ቀጭኑን ድምፅ መቁረጥ ብቻ ነው የሚችለው፤ የሌለ ነገር አይጨምርም። ብዙዎች እስከ መጨረሻው ዘግተው ወፍራም ድምፅ አገኘን ይላሉ። በፈጣን ጭክጭካ ግን የጣቱ አነሳስ ይጠፋና ምቱ ይጨማለቃል። በጣም ወፍራሙ ክፍት ክር 41 ኸርዝ ገደማ ነው። ትናንሽ ድምፅ ማጉያዎች ያንን በሚገባ አያወጡትም፤ አድማጩ ቤዙን የሚለየው ከላይ ባሉት ድምፆች ነው። ቶኑ ሙሉ በሙሉ ከተዘጋ እነሱም አብረው ይሄዳሉ።

ስለዚህ በሠርግም ሆነ በመድረክ ለምትጫወቱ ቤዝ ተጫዋቾችና ድምፅ ለምታስተካክሉ ባለሙያዎች አንድ ነገር አደራ እላለሁ፤ የቤዙን ድምፅ ለብቻው አትፍረዱበት። ከበሮውና ማሲንቆው አብረው እየተጫወቱ መጀመሪያ ፒካፑን፣ ቀጥሎ ቶኑን፣ ሚክሰሩን ግን በመጨረሻ ንኩ።