በባትሪ ውስጥ የቀረው ኃይል እንዴት ይታወቃል?

ከአዲስ አበባ ወደ አምቦ በሚወስደው መንገድ ላይ በምትገኘው ጊንጪ ዙሪያ፣ የመብራት መስመር ባልደረሰባቸው የገጠር ቤቶች የማታው ብርሃን የሚገኘው ቀን በሶላር ከተሞላ ባትሪ በመሆኑ፣ ባትሪው ልጆቹ ጥናታቸውን እስኪጨርሱ ይቆይ እንደሆነ አስቀድሞ ማወቅ ለቤተሰቡ ትልቅ ቁም ነገር ነው። ይሁን እንጂ በባትሪ ውስጥ የቀረው ኃይል በዓይን የሚታይ ስላልሆነ የሚገመተው ከሌላ ምልክት በመነሣት ነው።

የተለመደው ምልክት በቴስተር የሚለካው ቮልት፣ ማለትም ኤሌክትሪኩን የሚገፋው ግፊት ነው። በእርሳስና በአሲድ የሚሠራ ባለ 12 ቮልት ባትሪ ሙሉ ሲሆን 12.6 ወይም 12.7፣ ግማሽ ሲደርስ 12.2 ገደማ፣ ሲያልቅ ደግሞ ከ12 በታች ያሳያል። ይህ የሚሠራው ግን ባትሪው ከቻርጀርም ከአምፖልም ተለይቶ ለጥቂት ሰዓታት ካረፈ በኋላ ነው፤ ገና ከቻርጅ የወጣ ባትሪ ከእውነተኛው በላይ፣ እየሠራ ያለ ደግሞ ከእውነተኛው በታች ያነባልና። ክዳኑ በሚከፈት ባትሪ ላይ የአሲዱን ውፍረት የሚለካው ሃይድሮሜትር ይበልጥ ይታመናል፤ ባትሪው ኃይል በሰጠ ቁጥር ከአሲዱ የተወሰነው ክፍል ከእርሳሱ ጋር ስለሚዋሐድ ፈሳሹ እየቀጠነ ይሄዳልና፣ ንባቡም ከ1.27 አካባቢ ተነሥቶ ወደ 1.12 ይወርዳል።

በአዳዲስ የሶላር ዕቃዎችና በብዙ የኤሌክትሪክ መኪናዎች የሚገኘው ሊቲየም አይረን ፎስፌት የተባለው ባትሪ ግን በቮልት ብቻ አይታወቅም። የእያንዳንዱ ሴል፣ ማለትም ባትሪው የተገጣጠመበት አንድ ክፍል፣ ቮልት ኃይሉ በብዛት ሲቀንስም ከ3.2 እና ከ3.3 እምብዛም ስለማይርቅ፣ ሻጭ ቴስተር አስነክቶ «ሙሉ ነው» ማለቱ ለገዢ በቂ ማስረጃ ሊሆን አይገባም። በዚህ ምክንያት በባትሪው ውስጥ ያለው መቆጣጠሪያ የገባውንና የወጣውን ኤሌክትሪክ እየደመረና እየቀነሰ ቀሪውን በመቶኛ ያሳያል፤ ጥቃቅን ስሕተቶች ስለሚጠራቀሙ ግን ባትሪው አልፎ አልፎ እስከ መጨረሻው ሲሞላ ሒሳቡ ይታረማል።

መቶኛውም ቢሆን ባትሪው ምን ያህል እንዳረጀ አይናገርም፣ ያረጀ ባትሪም መቶ በመቶ ሊሞላ ይችላልና። ይህን የሚለየው ሙሉ ባትሪን በታወቀ ጭነት አሠርቶ ሰዓት መቁጠር ነው፤ 6 አምፔር ሰዓት የተጻፈበት ባትሪ 1 አምፔር የሚወስድ አምፖል ለ6 ሰዓት ያህል ማብራት ሲገባው በ3 ሰዓት ከቆመ፣ አቅሙ ግማሽ ሆኗል ማለት ነው። አራት ሴሎች በተከታታይ በተገጠሙበት ባትሪ ላይ ደግሞ አንዱ ብቻ ደክሞ ወደ 2.5 ቮልት ከወረደ፣ በሦስቱ ውስጥ ገና ኃይል እያለ መቆጣጠሪያው ሁሉንም ስለሚዘጋ፣ ጠጋኙ አጠቃላዩን ቮልት ብቻ ሳይሆን እያንዳንዱን ሴል ለየብቻ ሊለካ ይገባል።